የወደቀውን ግንድ ለእንጉዳይ ተዉለት

(ጥቅምት ወር ውስጥ ኮምቦልቻ ላይ ለተማሪዎች፣ ለደን ጠባቂዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ብዙም ሳልነካካው እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አረፈዳችሁ። ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ የመጣችሁ እንኳን በሰላም ደረሳችሁ። እናቶች ዛሬ ከፊት ስለተቀመጣችሁልኝ በጣም ደስ ብሎኛል። የዛሬው ወሬ ከማንም በላይ እናንተን ይመለከታል።

እስቲ እጅ አውጡልኝ። ዘንድሮ ክረምት እንጉዳይ ያየ ማነው? ሁላችሁም ማለት ይቻላል። እጃችሁን እንዳታወርዱ። ጎንበስ ብሎ፣ ገልብጦ፣ ከስሩ ምን እንዳለ ያየስ? አሁን አራት እጅ ነው የማየው። አራት!

ለአርባ ዓመት ያህል ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ስለ እንጉዳይ የሚያወራ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ጊዜ ያጥረኝ ነበር። በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሼ አልፈው ነበር። ይሄ ይቆጨኛል። ዛሬ ያንን ዕዳ ልከፍል ነው የመጣሁት።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ እንጉዳይ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ለምን ዝም ብሎ አይበላም? ሦስተኛ፣ የጎፍ በሚባለው በዚህ ተራራችን ደን ውስጥ የወደቀ ግንድ የማነው? የመጣሁት ለሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መንገድ ናቸው።

ከአያቴ ልጀምር። ያደግሁት ከደሴ በላይ፣ ጦሳ ተራራ ስር ነው። ክረምት ሲገባ፣ ጉም መንደሩን ሲውጠው፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ግጦሽ ላይ ነጫጭ እንጉዳይ ብቅ ብቅ ይላል። ማታ የለም፣ ጠዋት አለ። አያቴ ስሙን "የጅብ ጥላ" ትለው ነበር። እናንተም ቤት እንዲሁ ሳይባል አይቀርም። "አያ ጅቦ ሌሊት ዝናብ ሲይዘው የሚጠለልበት ነው፤ እንዳትነካው" ትለኛለች።

አንድ ቀን ግን ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ሁሉንም በእርግጫ ደረማመስነው። አንድም አልቀረም። ማታ ዝናቡ መጣ። ጅቡም ጮኸ። ጦሳ ስር ጅብ መጮሁ አዲስ አይደለም፤ የዚያን ዕለት ግን ጥላውን ፈልጎ የመጣ መሰለኝ። አያቴ ጋቢ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ምን እንደሆንኩ ስነግራት አልሳቀችብኝም። "አብሽር፣ ከስር አለ። ነገ ሌላ ያወጣለታል" አለችኝ።

ከስር አለ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት እንዲህ ያለችው። እኔ ይሄን ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በስንት መጽሐፍ ነው የተማርኩት።

እንግዲህ አንደኛው ነጥብ ይሄው ነው። እንጉዳይ ብለን የምናየው ፍሬው ብቻ ነው። ብርቱካን ከዛፉ ላይ እንደሚንጠለጠል ማለት ነው። ዛፉ የታለ? ዛፉ መሬት ውስጥ ነው። ወይም የበሰበሰ እንጨት ውስጥ ነው። ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ክር ነው። ቅዳሜ የጎፍ ስንወጣ አሳያችኋለሁ። ጽድ ስር የረገፈውን በእጃችሁ ገለጥ አድርጉት። ከላይ ያለው ደረቅ ነው። ሁለተኛው ንብርብር እርጥብ ነው። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ቅጠሉ ቅጠልነቱን ይተውና በነጭ ድር ተሰፍቶ ታገኙታላችሁ። አንዱን ስታነሱት አምስት ስድስቱ ተያይዞ ይነሳል። አሽትቱት። ከዝናብ በኋላ "የአፈር ሽታ" የምትሉት ነገር አንዱ ምንጩ እዚያው ብስባሽ ውስጥ ነው።

ተማሪዎች፣ ይሄን ያዙልኝ። እንጉዳይ ዕፅዋት አይደለም። ቅጠል የለውም፤ ከፀሐይ ምግብ አይሠራም። የገላው ግድግዳ የተሠራበት ነገር የጢንዚዛ ልብስ ከተሠራበት ጋር አንድ ነው። እንደኛ የሌላውን ነው የሚበላው። በዘር ሐረግም ከጎመን ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። እንጉዳይ ያለበት ወገን በጅምላ ፈንገስ ይባላል። ሳይንስ እስካሁን ስም የሰጣቸው የፈንገስ ዓይነቶች ከ150,000 ይበልጣሉ። ስም ያልወጣላቸው ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ይታመናል።

ደግሞ ሩቅ አይደሉም። እናቶቼ፣ የሊጡ እርሾ ውስጥ ማን አለ? እነሱ ናቸው። አምና ስንዴህን ያቃጠለው ዋግስ? እሱም ፈንገስ ነው። እንጀራው ላይ በአራተኛው ቀን የሚወጣው አረንጓዴ ሻጋታስ? እሱም። ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት በ1928 እ.ኤ.አ. የተገኘው ከእንዲህ ያለ ሻጋታ ነው። የሚያበላንም፣ የሚያስርበንም፣ የሚያድነንም አንድ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ የጎፍ ልውሰዳችሁ። ከዚህ ከኮምቦልቻ ቀና ብላችሁ ስታዩት የሚታየው ያ ጥቁር አረንጓዴ ተራራ። በአገር ደረጃ ቅድሚያ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ከተለዩት ደኖች አንዱ ነው። ጽድ አለው፣ ወይራ አለው፣ በሰው እጅ የተተከለ የፈረንጅ ጽድና ባህር ዛፍም አለው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ደን ስንት ቀረን? ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አለ። መስጊድና መቃብር ዙሪያ አለ። ከዚያ ውጭ ጣታችሁን አጥፋችሁ ቁጠሩ።

አሁን የምንገኘው መፀው ውስጥ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ አደይ አበባው ረግፏል፣ መሬቱ ግን ገና እርጥብ ነው። ይሄ ወቅት ለደኑ ሁለተኛ ገበያው ነው። የእንጉዳዩ ዋና ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነበር፤ ግንድ ላይ የሚበቅለው ግን ጥቅምት ድረስ ይቆያል። ምክንያቱም ግንድ ውኃ ይይዛል። ይሄን "ግንድ ውኃ ይይዛል" የሚለውን በልባችሁ አኑሩልኝ። እመለስበታለሁ።

እንስሳቱም በዚህ ሰሞን ደስ ይላቸዋል። ድኩላው ማለዳ ወደ ጫፉ ወጥቶ ይግጣል። ጦጣው ጠግቦ ይጫወታል። ሽኮኮዋ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ከከብቶቹ እግር ስር ጅራቷን እየወዘወዘች የምትሮጠውን ቢጫ ሆድ ያላትን ትንሽ ወፍ አይታችኋታል? መስከረም ላይ መጥታ ሚያዝያ አካባቢ የምትጠፋውን? እሷ ከአውሮፓና ከእስያ ነው የምትመጣው። በረዶውን ሸሽታ፣ ባሕርና በረሃ አቋርጣ፣ የእኛ ላም ጭራ ስር ዝንብ ልትለቅም። እንግዳ ናት። ልጆች፣ በወንጭፍ እንዳትመቷት፣ አደራ።

ስለ ምስጥ ትንሽ ልበል፤ ካነሳሁ አይቀር። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ፣ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ ኩይሳ ታያላችሁ። እዚህ አፍሪካችን ውስጥ እንጉዳይ የሚያርሱ ምስጦች አሉ። ቀልድ አይደለም፣ ያርሳሉ። እንጨትና ሣር ቆርጠው ያስገባሉ፣ አላምጠው ይደለድላሉ፣ በላዩ ላይ ፈንገስ ያበቅላሉ። እንጨቱ እንዳለ ስለማይስማማቸው ፈንገሱ ያላላላቸዋል፤ ከዚያ ይመገቡታል። ዝናብ ሲጥል ከዚያው ጓዳ እንጉዳዩ ረጅም ሥሩን እየገፋ ኩይሳውን ሰንጥቆ ይወጣል። ዛምቢያ ውስጥ የዚህ ወገን የሆነ ቆቡ አንድ ሜትር የሚደርስ አለ። ሰው ከማረሱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ምስጥ አርሷል። እኔ ኩይሳ ባየሁ ቁጥር መቆም አለብኝ፤ ቤተሰቦቼ ለምደውኛል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ይበላል ወይስ አይበላም?

የሚበላ አለ። በደቡብ ምዕራብ መዠንገሮች፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዞች የዱር እንጉዳይ ለይተው ያውቃሉ፤ ይበላሉ። ዕውቀቱ ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ነው። እኛ ወሎዬዎች ግን ይሄ ዕውቀት የለንም። የእኛ ዕውቀት አንድ ነው፤ "አትንካው"። አያቶቻችን ሳይለዩ ከመብላት ሁሉንም መተው መረጡ። ጥበብ ነው። ይሄን ጥበብ ደግሞ ዛሬ ስልክ ላይ ቪዲዮ አይተን ልንጥለው አይገባም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚሁ ኮምቦልቻ ሳስተምር አንድ ከገጠር የመጣ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበር። ስንቅ ከቤት እስኪመጣ አንዳንዴ ጾሙን የሚያድር። አንድ ነሐሴ የሣር ሜዳ ላይ ትልልቅ ነጭ እንጉዳይ አየ። ቆቡ የእንጀራ ሰፌድ ሊያክል ምንም ያልቀረው። ከተማ ውስጥ ሆቴል ይሸጣል ሲባል ሰምቷል። ለቀመ፣ በነጭ ሽንኩርት ጠበሰ፣ በላ። ሽንኩርቱ ካልጠቆረ መርዝ የለውም ብሎታል ሰው።

ሁለት ሰዓት አልሞላውም። ሲጠሩኝ ሄድኩ። ልጁ ደጃፉ ላይ ተደፍቶ ያስመልሰዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ደም ነበር። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው። ግሉኮስ ተተከለለት። ሦስት ቀን ተኝቶ ተነሳ፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ የልጆች አባት ነው።

እኔ በነጋታው እዚያ ሜዳ ሄጄ ከቀሩት አንዱን ነቀልኩ። ቆቡን ነጭ ወረቀት ላይ ደፋሁት። በብርጭቆ ከደንኩት። አደረ። ጠዋት ሳነሳው ወረቀቱ ላይ የቆቡ ማኅተም ታትሟል፤ ከመሐል ወደ ዳር የተሰነጣጠሩ ቀጫጭን መስመሮች። ቀለሙ አረንጓዴ ነበር። ሜዳ ላይ ከሚወጡት ትልልቅ ነጭ እንጉዳዮች ውስጥ አረንጓዴ ብናኝ የሚጥለው ሆድ የሚያፈርሰው ነው። ሞቃት አገር ሁሉ በሣር ላይ ይበቅላል። ከላይ ሲታይ ግን ከሚበላው ጋር ወንድማማች ነው የሚመስለው።

ዛሬም አንድ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ይሄውላችሁ። ይቺ ትናንት ማታ የደፋኋት ናት። ወረቀቱን በእጅ እያሳለፋችሁ ተያዩት፤ እንዳትነኩት ግን፣ ይጠፋል። ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ ወረቀት የተጠቀምኩት ብናኙ ነጭ ከሆነ ነጩ ላይ ስለማይታይ ነው። አያችሁ? ይሄኛው ቡናማ ነው። ጭስ የሚመስለው እያንዳንዱ ነጥብ በዓይን የማይለዩ ብዙ ሺህ ዘሮች ነው። አንድ እንጉዳይ በጥቂት ቀናት ዕድሜው በቢሊዮን የሚቆጠር ይረጫል። ከዚያ ሁሉ አንዱ ከበቀለ ዕድለኛ ነው።

ሌላ የባሰ አለ፤ እሱን ሳልናገር ብወርድ ሐኪሞች ይቆጡኛል። በዓለም ላይ እንጉዳይ በልቶ ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለው አንድ ዓይነት ነው። ከቆቡ ስር ነጭ ነው፤ እግሩ ላይ እንደ ቀለበት ያለ ጨርቅ አለው፤ ሥሩ በነጭ ከረጢት ውስጥ ተተክሏል። መነሻው አውሮፓ ነው፤ በችግኝ ሥር ተጣብቆ ወደ ሌሎች አህጉሮች፣ አፍሪካም ጭምር ተሻግሯል። የዚህ ክፋቱ ዝምታው ነው። ስትበላው ይጣፍጣል። ስድስት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምንም የለም። ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ። ከዚያ ደግሞ ይሻልሃል! ተነሥተህ ትቀመጣለህ፣ ቤተሰብ "ተመስገን" ይላል። በዚያው ሰዓት ጉበትህ እያለቀ ነው።

ስለዚህ ስሙኝ። ሽንኩርት አይመረምርም። የብር ማንኪያ አይመረምርም። መቀቀል መርዙን አያጠፋም። "ጦጣ ሲበላው አይቻለሁ" አይሠራም፤ ቀንድ አውጣ በልቶት ምንም የማይሆነው እንጉዳይ ሰው ይገድላል። ልጅ በልቶ ከሆነ አትጠብቁ፣ ወተት እያጠጣችሁ ጊዜ አትግደሉ። የቀረውን እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልላችሁ ልጁንና እሱን ይዛችሁ ሩጡ። በፌስታል ሳይሆን በወረቀት፤ በፌስታል ይሟሟል። መብላት ያማረው ከገበያ ይግዛ፣ ወይ ጭድ ላይ ራሱ ያልማ። የዱሩን ለዱር ተዉት።

ሁለተኛው አለቀ። አሁን ወደመጣሁበት።

የወደቀ ግንድ የማነው?

መጀመሪያ አንድ ጥፋቴን ልናገር። ወጣት መምህር ሳለሁ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ጥግ ላይ ትንሽ ደን ነበረች። ያረጁ ወይራና ጽድ። ሁለት ትልልቅ ግንዶች ወድቀው ዓመታት ተኝተዋል። የጽዳት ዘመቻ ታወጀና የእኔ ክፍል ያቺ ጥግ ደረሰችው። ልጆቹን አሰለፍኩ። ግንዱን ፈልጠን አወጣን። ቅጠሉን ጠርገን አቃጠልን። መሬቱ እንደ ቤት ወለል ጸዳ። ተሸለምን! ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጠን።

በዓመቱ እዚያ ጥግ እንጉዳይ አላየሁም። እሺ፣ ዝናቡ አንሶ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ዝም ብሏል። በፊት ጠዋት ጠዋት እንጨት ሲመታ የምሰማው ግንደ ቆርቁር የለም። ግንዱ ውስጥ ትል ነበረ፤ ትሉን ፍለጋ ነበር የሚመጣው። ትሉ ደግሞ እንጨቱን መብላት የሚችለው ፈንገስ ስላለሰለሰለት ነበር። እኔ አንድ ግንድ ያወጣሁ መስሎኝ አንድ ሰፈር አፍርሻለሁ። ሽልማቱን ደብተር ጻፍኩበት፤ ውስጤ ግን እስከዛሬ አልረሳውም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ጠንካራ ነገር አለ፤ ሊግኒን ይባላል። ይሄን ነገር እስከ መጨረሻው ፈትቶ አፈር ማድረግ የሚችሉት በዋናነት ፈንገሶች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ የወደቀው ዛፍ ሁሉ እንደወደቀ ይከመር ነበር። ቅዳሜ ሁለት ዓይነት ብስባሽ አሳያችኋለሁ። አንዱ እንጨቱን እንደ ጥጥ ነጭና ጭረት ጭረት ያደርገዋል። ሌላው ቡናማ አድርጎ እንደ ሸክላ አራት ማዕዘን እየሰነጠቀ ይፈረፍረዋል። በጣታችሁ ጨመቅ ስታደርጉት የመጀመሪያው ውኃ ያወጣል። በበጋ እንኳ! ይሄ ነው ግንድ ውኃ ይይዛል ያልኳችሁ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደኑ ሲደርቅ እርጥበት ፈልጎ ትሉም፣ እንቁራሪቱም፣ ቀንድ አውጣውም የሚሸሸገው እዚያ ስር ነው።

አሁን በደንብ አድምጡኝ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። የጎፍ ላይ ያሉት የአገራችን ዛፎች፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ሥራቸው ውስጥ የሚኖር ፈንገስ አላቸው። ፈንገሱ ከአፈር ፎስፈረስና ውኃ ያመጣል፤ ዛፉ ስኳር ይከፍለዋል። ጉርብትና ነው። ግን ይሄ ፈንገስ እንጉዳይ አያወጣም! ዕድሜውን ሙሉ ከመሬት በታች ነው። ባህር ዛፍና ፓይን የሚባለው የፈረንጅ ዛፍ ግን ሌላ ናቸው። የእነሱ ሸሪኮች ከላይ ፍሬ ያወጣሉ። ባህር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በአጼ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጣ፤ ከእንዲህ ያሉ ዛፎች ጋር እንጉዳዮቻቸውም አብረው አገር ለአገር ዞረዋል። ባህር ዛፍ ስር አፈሩን ሰንጥቆ የሚወጣ፣ የደረቀ የፈረስ ፋንድያ የሚመስል፣ ስትረግጡት ቡናማ ዱቄት የሚነፋ ነገር ካያችሁ እሱ ነው።

እና ይሄ ምን ማለት ነው? ጽዱና ወይራው መሐል እንጉዳይ ካያችሁ፣ ያ እንጉዳይ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚኖረው በሞተ ነገር ነው። በረገፈ ቅጠል፣ በወደቀ ቅርንጫፍ፣ በተኛ ግንድ። ግንዱን ካነሣችሁበት ሌላ ቤት የለውም። ባህር ዛፉ ስር ሄዶ አይኖርም። አለቀ።

እናቶቼ፣ እህቶቼ። ምን እያሰባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ይሄንኑ ስናገር አንዲት እናት ተነሥታ "መምህር፣ አንተ ለእንጉዳይ ታስባለህ፤ እኔ ግንዱን ትቼ ልጆቼን በምን ላብስልላቸው?" ብላኛለች። ልክ ናት። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ፣ መብራት ጠፍቶ ጋዝም ከሰልም ሲታጣ፣ እኔም እንጨት ፍለጋ ወጥቻለሁ። በጀርባዬ ተሸክሜያለሁ። ያን ሸክም ያልተሸከመ ሰው እናንተን ሊወቅስ አይችልም።

ግን ዓመቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። ከእናንተው ጋር እየወጣሁም አይቻለሁ። ስትለቅሙ ምን እንደምትመርጡ አይቻለሁ። የምትፈልጉት ደረቅ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚነድ ነው። የበሰበሰ ወፍራም ግንድ ማን ይፈልገዋል? ይከብዳል፣ ውኃ ይዟል፣ ምድጃ ላይ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። እሱን የሚፈልጠው ሌላ የቀረበ ነገር ሲጠፋ ነው። ወይ ደግሞ ከሰል የሚያከስለው ሰው ነው፣ በሌሊት የሚገባው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ናት። ጭራሮውን ልቀሙ። ከክንዳችሁ የቀጠነውን ደረቅ ልቀሙ። ከጭናችሁ የወፈረውን፣ ላዩ ላይ እንደ መደርደሪያ እንጉዳይ ያወጣውን፣ በእግር ስትነኩት ዝም የሚለውን ተዉት። ደረቁ "ኳ" ይላል። የበሰበሰው ዝም ይላል። ዝም ያለውን ተዉት። ይቻላል? ... እሺ። እግዜር ያክብርልኝ።

ደን ጠባቂዎች፣ እናንተም። "ደኑ ይጽዳ" የሚል ትእዛዝ ከበላይ ሲመጣ አስረዱልኝ። ደን ሳሎን አይደለም። መንገድ ላይ የወደቀውን ቁረጡ፣ ወደ ጎን ግፉት፤ ግን እዚያው ይቅር። ተዳፋት ላይ ከሆነ በአግድም አስተኙት። የእኛ አገር ቁልቁለት ነው፤ አግድም የተኛ ግንድ በክረምት የሚወርደውን አፈር አቁሞ ይይዛል። ወደ ቦርከና የሚወርደውን ጭቃ ነሐሴ ላይ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ አይታችሁታል፤ ያ ጭቃ የእኛው አፈር ነው። ቆሞ የደረቀውንም ሽማግሌ ጽድ አትቸኩሉበት። ውስጡን ፈንገስ በልቶት ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ ጉጉትና በቀቀን ጎጆ ያደርጉታል። ክንፏ ጥቁር የሆነችው አረንጓዴ በቀቀን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር የትም የለችም። ቤት የምትሠራው በዛፍ ቀዳዳ ነው። ምሳር የላትም፤ ፈንገስና ግንደ ቆርቁር የቦረቦሩላትን ነው የምትገባበት።

ተማሪዎች፣ እናንተ በአረንጓዴ አሻራ በየዓመቱ ችግኝ ትተክላላችሁ። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። አገር በቀል ችግኝ ስትተክሉ፣ ጽድ ከሆነ ከትልቅ ጽድ ስር፣ ወይራ ከሆነ ከትልቅ ወይራ ስር አንድ እፍኝ አፈር አምጥታችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሩ። ያ እፍኝ ውስጥ ቅድም ያልኳችሁ የማይታየው ፈንገስ አለ። ችግኙ ብቻውን ከሚጀምር ሸሪክ ይዞ ይጀምራል። በሌላ አገር ፓይን ሲተክሉ ችግኙ እየቀጨጨ አስቸግሯቸው፣ የፓይን ደን አፈር ሲያመጡለት የተነሣበት ጊዜ አለ። እኛ ቆጥረን የምናወራው የተከልነውን ነው፤ ስንቱ ጸደቀ በሚለው ላይ ግን ይሄ እፍኝ አፈር ድርሻ አለው።

ጥያቄ ካለ ሻይ ላይ እንነጋገራለን። ስለ ቅዳሜው ልናገርና ልውረድ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንገናኛለን፤ ፀሐይ ሳይጠነክር ከፍ ማለት አለብን። ጫማ የሚይዝ አድርጉ፣ ውኃ ያዙ፣ ዳቦ ቆሎ ያዙ። ፌስታል እንዳይታይብኝ። ቢላ አያስፈልግም፤ አንነቅልም። ትንሽ መስተዋት ያለው ያምጣ። የኪስ መስተዋት። እንጉዳዩን ሳንነቅለው ከስሩ አስገብተን ቆቡን ከታች እናያለን። እኔ ባለፈው ሳምንት አንድ ወድቆ የተኛ ወይራ ላይ ያገኘኋት አለች፤ የሕፃን ጆሮ የምታክል፣ ላይዋ ግራጫ፣ ታችዋ እንደ ወተት። ከዚያ ግንድ ላይ ጠዋት ጠዋት ግንደ ቆርቁር ይመጣል። ድምፅ ካላሰማን እናየዋለን።